ከመሳቢያው ሥር

አዳማ የነፋስ ናት፤ ያልተጫነ ወረቀት
ይዛ ትሄዳለች፣ ጎረቤት ለጎረቤት።

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ፣ በመለዋወጫ ሱቅ፣
ሾፌር ከመንገድ ሆኖ በጡሩምባ የሚጠይቅ።
የብረት በር አለን፣ ሁለት ትልቅ ጓጉንቸር፣
ሌሊቱን ሙሉ የሚያስል ጉተማም አለ ከበር።
ፍሬን ሸራው፣ ኩሽኔታው፣ ተቆጥሮ ያድራል በሰልፍ፤
ግን ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን በስንት እንደገዛ፣
ያ ሁሉ የሚተኛው ባንዲት ሳጥን ነው፣ ከጠረጴዛ።

መክፈቻዋም «ሂክማ»፣ ያብሮ አደጌ የሙዘይን ልጅ፤
ከስሟ ኋላ አንድ ሁለት ሦስት። በራሱ ባባቷ እጅ
በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ፣
ከመሳቢያው ሥር ተለጥፎ።
ጉተማ ያውቀዋል። የባጃጁ ልጅ ያውቀዋል።
ሻይ አመላላሹ እንኳ ሲያልፍ ያንጎራጉረዋል።

«ሰው ካልተማመነ» ይላል ሁልጊዜ ሙዘይን፣
«ሱቅ ብቻውን ምን ሊሆነን?»
እውነቱን ነው። መተማመን ነበረን።
ያልነበረን መዝገብ ነው፣ ለማን ምን እንዳመንን።

ደምሰው በጥቅምት ለቀቀ። ሸኘነው፣ ክትፎ በላን፣
ቱታውን መለሰ፣ የመጋዘን ቁልፍ መለሰልን።
ሂክማን ግን ማን ያስመልስ?
ስም ከኪስ አይፈተሽ።

ከዚያ ወዲህ ማዶ ያለው ሱቅ ጠቢብ ሆነ በድንገት፤
እኛ ሁለት ሺህ ካልን፣ እሱ ሃምሳ ብር ይቀንስለት።
ለመቂው ደንበኛችን፣ ለወለንጪቲው፣ ለአዋሹ፣
ዱቤያቸውን ሳይቀር አውቆ፣ ስልክ ደረሳቸው ሳይሹ።
ሰባት ወር። ሙዘይን ዶላር ረገመ፣ ገበያ፤
እኔ አንድ ማታ ቁጭ አልኩ፣ ሳልል ወዲህ ወዲያ፣
የገባ የወጣውን ላይ።
«ሂክማ ገብታለች» ይላል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ሂክማ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ናት።

አልጮህኩም። እስኪነጋ ጠበቅሁ። መሳቢያውን ገለበጥኩ፣
ብጣሿን በጥፍሬ ልጬ፣ ሙዘይን መዳፍ ላይ አኖርኩ።
«በራችን ይቺ ናት» አልኩት፤ «ያኛው አጥር ነው።»
ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ደምሰውን እኮ እንደ ልጄ ነበር የማየው።»
«አውቃለሁ» አልኩት፤ «የልጅህን ስም የሰጠኸው ለዚያ ነው።»

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ሥራ ስል ክርክር ማለቴ ነው፤
ዋጋውን ማን ይይ? ዱቤውን ማን? መሰረዝስ የማን ነው?
ጉተማ ተቀየመ፣ «ሌባ አላችሁኝ!» ብሎ፤
«የማታውቀውን ማንም አያወጣጣህም» ስለው፣
ሳቀ፣ አገጩን ከዱላው ጥሎ።
«የጋራ» የምትባል ቁልፍ ከዚያን ቀን ወዲያ ቀረች፤
ማን በስንት ሰዓት ምን እንደነካ፣ ሳጥኗ መናገር ጀመረች።
ለሚለቅ ሰው ከእንግዲህ፣ ክትፎው ከመቅረቡ ቀድሞ
መግቢያው ይቆረጣል፤ ፍቅር ይቀጥላል ደግሞ።

ቅጂማ ነበረን፣ አትሙን፤ ፍላሽ ነበረን በጣሳ፤
ሰክተን ብናየው የሰው ሠርግ።
ሒሳቡ የለም፤ ሙሽራይቱ ግን የማትረሳ።
አሁን ሦስት ነው፦ አንዱ ከሱቅ፣ አንዱ ከሙዘይን ቤት፣
አንዱ ደመና ላይ ነው ይሉኛል። ላዳማ ሰው ደመና ማለት
ሰኔ ላይ ቃል ገብቶ ሐምሌ የሚክድ ነው፤ አላምንም፤
አርብ አርብ መልሼ እከፍተዋለሁ፤
ያልተከፈተ ቅጂ፣ ቅጂ አይባልም።

መቂ ድረስ ሄድኩ፣ ሽንኩርት ነጋዴው ዘንድ።
«ዕዳህ ከቤታችን ወጥቶ ታይቷል፤ ጥፋቱ የኛ ነው» አልኩት።
ሚዛኑን እያየ፣ «ባትነግሪኝ ኖሮ እኮ አላውቅም» አለ።
«ለዚያ ነው የነገርኩህ።»
እስካሁን አልደወለም።

ትናንት ሂክማ መጣች፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ ይሰፋል፤
የሻዩ ልጅ በልማዱ፣ «አንድ ሁለት ሦስት!» ይላታል።
«ለምንድን ነው እንዲህ የሚለኝ?» አለች፣ ባንኮኒ ተንጠልጥላ።
«ድሮ ቁልፍ ነበርሽ» አልኳት።
«አሁንስ?» አለች፣ ከረሜላዋን ከጉንጯ ወደ ጉንጯ አዙራ።
«አሁን ሂክማ ነሽ። በቃ።»
ከመጋዘን ውስጥ አባቷ ኩሽኔታ ይቆጥር ነበር፤
ቁጥሩ ጠፋበት መሰለኝ፤
ዝም አለ። ከአንድ ጀመረ።