የእድፉ ግማሽ

ሶኬቱን ነቀለች። ጸጥ አለ ክፍሉ።
ለካ ድምፅ ነበረ፣ ሲያጉረመርም የሚያድር ሌሊቱን በሙሉ።
የማጣሪያው ክዳን ሲከፈት ጠረኑ ወጣ፤
የረግረግ፣ የሰነበተ ቅጠል፣ የኦስትራቫ መኸር ዝናብ የጠጣ።

ጎኑ ላይ፣ በዝደኔክ እጅ፣ በማይለቅ ቀለም፣
“መጋቢት፣ ታጥቧል።” ከዚያ ወዲህ የለም።

ቡናማው አተላ ከስፖንጁ ወርዶ ጣቷን ሲያለብሰው
ቦህዳና ቧንቧውን ልትከፍት ቃጣት፤ ነጭ እስኪሆን ልታሸው።
“ኧረ በቧንቧ ውሃ አይሆንም!” ይል ነበር፣ ጣቱን ቀስሮ፣
“ዓሣውን የሚያቆየው እዚሁ እድፍ ውስጥ ነው ያለው፣ ተቀብሮ።
ከገንዳው ውሃ በባልዲ ቅጂ፤
ሁለቴ ጨመቅ። ከዚያ በላይ አትፍጂ።”

ሁለቴ ጨመቀች። ሦስተኛውን ተወች።
የክዳኑን ጎማ ቫዝሊን ቀባች።
ከመዘውሩ ላይ ተጠምጥሞ የከረመ አንድ ፀጉር ፈታች፤
ሸበቶ፣ አጭር፣ የሱ።
የት እንደምታኖረው ጨነቃት። ቆመች።
ዓሦቹ በመስታወቱ አዩዋት።

መልሳ ሰካችው፤ ሳለ፣ አየር ተፋ፣ ቀጠለ ማጉረምረሙን።
ብዕሩ ሊደርቅ ነው። ከእሱ ጽሕፈት ሥር፣ ተጭና ጻፈች፦
“ጥቅምት፣ በግማሽ።”