ምንይችል

አባቴ ስሜን ሲያወጣ፣ ገብሱን በረዶ አጭዶት ነበር፤
ጎተራው አፉን ከፍቶ፣ እኔ በለቅሶ ቤት ሳሸብር
አቅፎ አየኝና፣ «ይህ ደግሞ ምን ይችል?» አለ፤
ጥያቄው ስም ሆኖ፣ ከኔ ጋር በቀለ።

ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ፣ «ምንይችል!» ሲል መምህሩ
«ምንም!» የሚሉልኝ፣ የኋላ ወንበሮች ነበሩ።

ሞተሬም እንደኔው ናት፤ ለግምጃ ቤት ገበያ
ድንች ስታመላልስ፣ የኖረች ገጣባ አህያ።
ነዳጅ ቋቷን በሽቦ፣ ፍሪሲዮኗን በጸሎት
አስሬ የማስነሣት፣ ውርጭ በበዛበት ጠዋት።

አምና በጥር ማብቂያ፣ የእንጅባራ ሜዳ ታጥሮ
በቀርከሃ፣ ከሦስተኛው ጉብታ ሥር፣ ወደቅሁ ትከሻዬ ዞሮ።
ፍሬን ነው የጣለኝ፤ ልዘል ስል ያዝኩትና
አፍንጫዋ ወረደ፣ ሰማዩ ከእግሬ ሥር ሆነና…

ወጌሻው አያ ጓንጉል፣ ክንዴን ጨብጦ ሲመልስ
«ቻል፣ ልጄ፣ ቻል» አለኝ። ቻልኩ። እንባዬ ብቻ ሲፈስ።
ማታ በእንቅልፍ ልቤ፣ ቃሉን ገልብጬ ባየው፣
ሕመምን የሚችል ሰው፣ ሌላስ የማይችለው ምንድን ነው?

ይህን ያልኩት ሌሊት ነው።
ጠዋት ሞተሯን ሳያት፣ ጉልበቴ የሌላ ሰው ነው።

ሁለት ወር ሸሸኋት፤ በማዳበሪያ ሸፍኜ፤
ዶሮ ዕንቁላል ጣለችባት፤ «እስክትፈለፍል» አልኩ አዝኜ።
ጫጩቶቹ ወጡ፤ ሰበቤም አብሮ አለቀ።
ጎረቤቴ አያ ድረስ፣ ፈረስ ላይ ጥርሱ የወለቀ፣
አጥሬን ተደግፎ፣ «ፈረስ የሚሄደው፣ ዓይንህ ባረፈበት ነው፤
አንተ ደግሞ አምና፣ ጉድባውን ነበር ያየኸው።
ይህችም ፈረስ ናት፤ ገብስ አትበላም ብቻ፤
ልትዘል ስትል ልጓም ከሳብህ፣ ትጥልሃለች እንደ ስልቻ።»

ከዚያ ወዲያ ጎሕ ሲቀድ፣ ከዘንገና ማዶ ወጣሁ፤
በአካፋ አፈር ከመርኩ፤ የበግ ቁመት፤ ዘለልኩ፤ ወደቅሁ፤
ጊደር አደረግሁት፤ ዘለልኩ፤ ወደቅሁ፤ ብቻዬን ሳቅሁ፤
በሬ ሲያህል ቆምኩ። ፈራሁ።
ፈርቼም ጋዙን አልለቀቅሁ።

ፍርሃት የሄደ እንዳይመስልህ፤ ከኋላዬ ተፈናጦ
«ምን ይችል? ምን ይችል?» ይላል፣ ወገቤን በእጁ ጨምድዶ።
እኔም አላወርደው፤
መንገድ ይልመድ ተቀምጦ።

ዘንድሮ ጥር ተመልሶ፣ ቀርከሃው ዳግም ተተከለ፤
ከባሕር ዳር አንዱ መጣ፣ ሞተሩ ገና ላስቲኩን ያልጣለ።
ድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ «ቁጥር ሃያ ሰባት፣ ምንይችል…»
የአባቴን ስም ንፋስ በላው፤
ጥያቄው ብቻ ቀረ፣ በአየር ላይ ሲንጠለጠል።

አንደኛው ጉብታ፤ አቧራ። ሁለተኛው፤ ካቴናው አቃሰተ።
ሦስተኛው ላይ ያ ጉድባ፣ የአምና አፉን ከፈተ።
ሁለት ጣቴ ፍሬኑ ላይ፣ በልማዱ ሲንቀሳቀስ
ዓይኔን ማዶ ወረወርኩት፣
ከአያ ድረስ ቦራ ፈረስ።

መሬት ለቀቀችኝ።
ያን ያህል ጸጥታ፣ ሞተር ላይ ሰምቼ አላውቅም፤
ጎማው አየር ያርሳል፤ ሰው አፉን ከፍቷል፤ ድምፅ የለም።
ከዚያ የኋላው ጎማ፣ ቀጥሎ የፊቱ፣ ቀጥሎ ጥርሴ
በየተራ መሬት ነኩ፤
መጨረሻ ያረፈችው ነፍሴ።

ከአሥራ አንድ ስድስተኛ ወጣሁ፤ ዋንጫው ባሕር ዳር ሄደ፤
ፓራፋንጎዬም አንድ ቦታ፣ እኔ ሳላየው ወረደ።

አባቴ ከሰው መሀል ወጥቶ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ
ሞተሯን ዞሮ አያት፤ አቧራዋን በጋቢው ጫፍ ሲያብስ
ቆየና፣ «ነገ ገበያ ነው» አለኝ፤ «አንድ ኩንታል ትችላለች?»
እጄን ጣል አደረግሁባት፤ እንደ ፈረስ ትተነፍሳለች።

«ሁለት» አልኩት።