ምድር ቤት

የናፍጣ ቦቴው በየጥቅምቱ ሲመጣ፣
ኤፊ ማክአስኪል ደረሰኝ ይዛ በረንዳ ላይ ስትቆጣ፣
"አምና ስንት ነበር? እንዲህ ነበር?" ብላ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት አለቀ፣ ሳትሞቅ ተቃጥላ።
ዘንድሮ ግን ቦቴው ደጇ ቆመ፣ ጡሩምባ ነፋ፣
መልስ ሲያጣ በመጣበት ጠፋ።

ምክንያቱ እኛ ነን፦ እኔ፣ ልጁ ሪዩበን፣
ከሰል ቆፋሪ የነበረው ዱጋልድም አብሮን፣
ፓምፕና መፍቻ ይዘን፣ ወደ ምድር ቤቷ ወርደን፣
ዝገት የበላውን የናፍጣ ጋን ልንነቅል መጣን።

ነገሩ እንዲህ ነው፤
እዚህ ኬፕ ብሬተን፣ በኛ መንደር ሥር ሌላ መንደር አለ፣
መንገዱ የጠቆረ፣ ጣሪያው በእንጨት የታዘለ።
አያቶች ከሰል ሲፈለፍሉ የኖሩበት ዋሻ
አንድ ሌሊት ተናደ፤ ሆነ የውሃ መሸሻ።
ኩባንያው ቆልፎት ሄደ። ማንም አልቀዳው።
የምድር ገላ ግን ከሥር ለብ አደረገው።
ያንን ለብታ ነው በቱቦ የምንስበው፤
ሙቀቱን ወስደን፣ ውሃውን እዚያው የምንመልሰው።

"አይሆንም!" አለች ኤፊ፣ ደረጃው ላይ ቆማ፤
"አባቴ እዚያ ነው የቀረ፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ።
እሱ የሰጠመበትን ውሃ እኔ ልሞቀው?"
ሪዩበን ጫማውን አየ። እኔም ቃል አጣሁ፣ ምን ልበለው።
ዱጋልድ ነበር የተነፈሰ፣ ላቡን በእጅጌው አብሶ፦
"የአሥራ አንድ ቀን ደሞዙን ኩባንያው እንደያዘ ነው፣ ነክሶ።
ኩባንያው የለም፤ ጉድጓዱ አለ። እስቲ እሱ ይክፈል።"
ረጅም ዝምታ።
"ቀስ ብላችሁ ንቀሉት" አለች፤ "ቀለሜ እንዳይፈነቀል።"

በቴሌቪዥን ሚኒስትሩ "አገር ከነዳጅ ትላቀቃለች" ይላል፣
ዓመተ ምሕረት ይጠራል፣ በመቶኛ ያሰላል።
እኔ የማውቀው ሒሳብ የዚህን መንገድ ነው፦
ሠላሳ ሁለት ጋን ወጣ፣ መቶ ዘጠኝ ቀሪ ነው።
ለፓምፑ የሚመጣው መብራትም ገና ከሰል ከሰል ይሸታል፤
ኮረብታው ላይ ያቆሙት የነፋስ ክንፍ አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ያንቀላፋል።
አገር ሱሷን የምትተው በአዋጅ አይመስለኝም፤
በየምድር ቤቱ ነው፤ ያውም ወገብ ሳይታመም አይሆንም።

ማታ፣ የረሳሁትን መፍቻ ልወስድ ስመለስ፣
ኤፊ መዳፏን ቱቦው ላይ አኑራ፣ ሳትንቀሳቀስ፣
"ለብታ ብቻ?" አለችኝ፣ "ሹራብ ያስፈልጋል ገና።"
ከዚያ ወደ ወለሉ ጎንበስ አለች፣ ባለዕዳ እንደምታናግር ሆና፦
"አንዱ ቀን ተከፈለ።
አሥር ይቀርሃል።"