ስምንተኛ ትውልድ

ስድስት መቶ ሸቀል፣ በላስቲክ ታስሮ፣
ከሌሊት ጥበቃ፣ ከትርፍ ሰዓት ተቆጥሮ።
ነታንያ፣ ከፋብሪካው ሰፈር፣ ከጎማ ሠሪው ጀርባ፣
ሊራዝ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ወደ ሱቁ ስንገባ፣
ዚኖቪ የሚሉት ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ከመድን ድርጅት የወጡ ናቸው፣ ምረጡ» አለን ቶሎ።

ኮምፒውተሮቹ በግድግዳው ጥግ፣
እንደ ጡረተኛ ሰልፍ፤
ያንዱ ጎን ተቧጥጦ፣ ያንዱ ፊት አጥቶ ቁልፍ።

እኔ ትንሿን ወደድኩ፤
ጥቁር፣ ቀጭን፣ ያልተጫረች።
«ይቺስ?» አልኩ፣ «ቦታም አትይዝ፤ ደግሞ ታምራለች።»
ሊራዝ ሳቀች።
«አባ፣ ግራፊክስ ካርድ አይገባባትም፣ ጠባብ ነው ሆድ ዕቃዋ፤
በሌላ አይቀየርም፣ የግሏ ነው ፓወር ሰፕላይዋ።
ሁለት መቶ ዋት! ጨዋታው ሳይሞቅ ድርግም ትላለች።»
አፈርኩ።
መልክ አይቶ መግዛት ድሮም አልሆነልኝም።

ከጥግ አንዱን ጎተተች፣ አመዳም፣ ወፍራም ሣጥን፣
ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ፈታችው ጎኑን።
የእጅ ባትሪዋን አበራች፤ አንገቷን ሰበር አርጋ፣
ብርሃኑን ቀስ አድርጋ ከጥግ እስከ ጥግ ዘረጋች።

ያኔ ደነገጥኩ።
ይህን አያያዝ አውቀዋለሁ።
አሥራ አራት ዓመት በር ላይ ቆሜ፣
«ቦርሳሽን እመቤቴ፤ ይቅርታ ጌታዬ፣ ቦርሳህን»፣
ቁልፍ፣ ማበጠሪያ፣ ግማሽ ዳቦ፣ የሐኪም ወረቀት፣
የሰው ጓዳ በባትሪ ሳይ ያረጀሁት እኔ ነኝ።
ማንም አላስተማራትም። እኔም ቤት ውስጥ ፈትሼ አላውቅም።

«የራም ቦታው አራት ነው፤ ሁለቱ ባዶ። ጥሩ።»
ጣቷን በኋላው ቀዳዳዎች አሳለፈች፣
«የባሕሩ ጨው አልበላውም» አለች።
ከማራገቢያው አቧራ እንደ ጥጥ ነቅላ አወጣች፤
ከዚያ ቀና ብላ፦
«ስንተኛ ትውልድ ነው?»

የተጠየቅኩት እኔ መሰለኝ።
አባቴ ሰባት ቤት ያስቆጥረኝ ነበር፣
በስም፣ በአገር፣ አንዱን ብዘል ከራሴ ያስጀምረኝ ነበር።
አፌን ስከፍት ዚኖቪ ቀደመኝ፦ «ስድስተኛ።»
«ስድስተኛ አይሆንም፤ አዲሱ ዊንዶውስ አይቀበለውም።
ስምንተኛ ነው የምፈልገው።»
ስምንተኛ!
ከሰባት ቤት ወዲያ እኔ ቆጥሬ አላውቅም።

ተገኘ። ከበሩ ሥር፣ ዝናብ ጃኬት ተደርቦበት።
«አራት መቶ ሃምሳ» አለ ዚኖቪ፣ እጁን ጫነበት።
«ሐርድ ዲስኩን አስቀረው፣ ኤስኤስዲ አለኝ፤
ሦስት መቶ ሰማንያ። ካርዱም አለብኝ።»
ዚኖቪ ወደኔ ዞረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።
በኔ ገንዘብ፣ በሷ አፍ፣ ዝም ብዬ ገዛሁ።

በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከበደኝ።
ግንባሩ ላይ ወረቀት፦ ንብረት ቁጥር ፬፬፩፯።
ልላጠው ስል ጥፍሬን ያዘችኝ፣
«ተወው አባ። ዘጠኝ ዓመት ደረሰኝ ሲቆጥር ኖሯል።»

ካርዱን ከአንድ ወታደር በሁለት መቶ ገዛች፤
ሃያው ሸቀል ተረፈ። ፋላፌል በላችበት።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከሥራ ስገባ፣
ጫማዬን ሳልፈታ ጠራችኝ፦ «አባ፣ ና፣ አንዴ ብቻ።»
መቆጣጠሪያውን አስያዘችኝ።
ተራራ፣ ጭጋግ፣ የድንጋይ ከተማ፤
አውራ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ በግንቡ ሥር ሄድኩ፤
ከበሩ አንድ ሰው ቆሟል፣ ጦር ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ።
ቆምኩ።
«እለፍ አባ፣ እሱ ምንም አያደርግም፤ ዘበኛ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት።
«ሰላምታ የሚሰጠው በየትኛው ቁልፍ ነው?»