ሦስት ወይስ ሰባት

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከጄሪካን መሐል፣
ዘርጋው ካላንደሩን አውርዶ በእስክሪብቶ ይነካካል።
«ለመጀመሪያ ሦስት ሌሊት ይበቃል።
መርከብ እኮ ነው፤ ቢያዞረኝ
‹ወራጅ አለ!› ብል ማን ያወርደኛል?»

ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ፣
መሳፈር ፈራ፣ ጡረታ ወጥቶ።

«ሰባት!» አልኩት እኔ።
«ሦስቱን ቀን ያስመልስሃል፤
የከፈልነውን ለማስመለስ ደግሞ አራት ቀን ያስፈልጋል።»

ሳቀ። ከዚያ ኮስተር አለ፦
«ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ነው፤ ማን ይቀዳልናል?
ሰባት ሌሊት ከሄድንማ ማክሰኞ ያመልጠናል።»

ባሕር ላይ ልንተኛ ነው፤
እሱ ስለ ባልዲ ያስባል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው አጓራ፤
ተነሣን፣ በባዶ እግር፣ መብራት ሳናበራ።
ጄሪካኑን ይዞልኝ፣ ወደ ጨለማው እያየ፣
«አምስት» አለ።
ዝም አልኩ፣
እስኪሞላ።