የዘለልኩት መስመር

የአዳማ ነፋስ ወረቀት ያነባል፤
በሩን ቢዘጉበት በስንጥቅ ይገባል።
ያኔ ስሟ ናዝሬት፣ እኔ አራተኛ ክፍል፤
በቤታችን መሃል ፊደል የቆጠርኩ እኔ ብቻ ስሆን፣
ፖስታ የመጣ ዕለት ባሻ ወዳጆ አባቴ በርጩማ ስቦ
«ና እስቲ ተማሪው፣ ድምፅህ ይሰማ!» ይላል፣ ቤቱ ጭጭ እስኪሆን።

እህቴ ትርንጎ ለደበላ ታጭታ፣
ደበላም ወንጂ ነው፣ ስኳር ፋብሪካ፣ ከሚዛኑ ቦታ።
ወንጂ ሩቅ አይደለም፤
ማለዳ የወጣ ጋሪ ለምሳ ይመለሳል።
ሩቁስ ደንቡ ነበር፤
ታጭታ ከታየች ሰፈር ምን ይላል?

ደብዳቤውም ቢሆን ለእሷ አይጻፍላትም።
«ይድረስ ለክቡር አባቴ ለባሻ ወዳጆ» ነው አናቱ፤
ሰላምታው እንደ ባሕር አሸዋ፣ እንደ ሰማይ ከዋክብት ብዛቱ፤
ከዚያ የከብቱ ጤና፣ የሸንኮራው ቆረጣ፣ የአዋሽ ውኃ ሙላቱ።
ለእሷ አንዲት መስመር፣ ከፊርማው በላይ፦
«ለወይዘሪት ትርንጎም ሰላምታዬ ይድረስ»፤
እሷም ለዚች መስመር ከጓዳው በር ቆማ
አንድ ብርጭቆ ስትወለውል፣ የጠራውን ደግማ ስታብስ።

ፖስታውን ስከፍት
ጥቂት የስኳር ፍሬ ከእጥፋቱ ይረግፋል፤
አባቴም «ፋብሪካ ነውና የት ይቀራል» ብሎ ያልፋል።
ትርንጎ ግን ወለሉን ልትጠርግ ጎንበስ ትልና
ሌባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፤
እኔን ያየችኝ እንደሁ ታስላለች።

መልሱን አባቴ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤
«ሁላችን ደህና ነን፣ ትርንጎም ደህና ናት» ብዬ እዘጋለሁ።
ማታ ፋኖሱ ዝቅ ሲል ትመጣለች በሹክሹክታ፦
«ደህና የምትለዋን አወፍራት፤
ጠቆር ትበል፣ ገና ሲገልጠው ትየው።»

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
እያነበብኩ ሳለሁ
ያልለመድኩት መስመር ከፊርማው በላይ ይደቀናል፦
«ድምጿን አንድ ቀን ከበር ኋላ ሰምቻለሁ፤
ከዚያ ወዲህ ሚዛን ሳነብ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።»

አባቴ ጢሙን ይዟል። ምራቄን ዋጥኩ፤
ፈረስ ቦይ እንደሚዘል ዘለልኳት፣ ፊርማው ላይ ወደቅኩ።
ባሻ «ተመስገን» አለ።
የብርጭቆው ሲጥሲጥታ ግን
ከጓዳው በር ላይ ድንገት ዝም አለ።

አንድም አልጠየቀችኝ።
በሳምንቱ ከሰል አንስታ፣ የሲሚንቶ ወረቀት ዘርግታ፣
«እስቲ ሀ እንዴት ናት?» አለችኝ።
ለ ስትጠምባት፣ መ ስትገለበጥ፣ የሠ እግር ሲሰበር፣
መስከረም ጠባ፤ ጥቅምትም ነፋሱን ይዞ ገባ፤
ሠርጉ ለጥር ሲቆረጥ
ትርንጎ ከ«ፐ» ደርሳ ነበር።

አንድ ሌሊት ነቃሁ። ፋኖሱ አጠገቧ፤
ጣቷ በመስመሮቹ ላይ እንደ ጉንዳን ሲሄድ፣ ሲሄድ፣
ከፊርማው በላይ ሲደርስ ቆመ።
እዚያው ቆየ።
የተኛሁ መሰልኩ፤
ጆሮዬ ግን በብርድ ልብሱ ውስጥ ጋለ።

ለመጨረሻው መልስ አባቴ ተናግሮ ሲያበቃ፣
«ደህና ናት»ን ልጽፍ ብዕሬን ሳዘነብል፣
ትርንጎ ከእጄ ወሰደችው።
«እሷን እንኳ እኔው እጽፋታለሁ።»
ባሻ ቀና ብሎ አያት፤
የሚለውን አጥቶ ሳል ጀመረ።
መዳፏን እንደ አጥር ከልላ፣
ብዕሩን እንደ ወስፌ ጨብጣ፣
ቤቱ ሁሉ እያየ አንዲት መስመር ጻፈች፤
ላይ ብንጠራራ
ከጣቶቿ መሃል አንዲት ፊደል ብቻ ሾለከች፦
«ሚ»።

ፖስታው በሸንኮራ መኪና፣ በሹፌሩ ኪስ፣
ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ወንጂ ሄደ።
ዛሬ ደበላ የለም። ትርንጎ መነጽር አድርጋ
ጋዜጣ ታነብልኛለች፣ ዓይኔ ከከዳኝ ወዲህ፤
አንድ ቃል አትዘልም።
ሚዛን ይሁን ሚስት፣
ስልሳ ዓመት አልጠየቅኳትም፤
«አንተስ ያኔ?» ብትለኝ የምመልሰው የለኝም።