እንግዴ ልጅ

ከኪሶ ወንዝ ማዶ፣ ከጦጣዎቹ ቤት፣
ጎህ ሳይቀድ ገና፣ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት፣
ቶዮሚ ሳዋኖ ጓንቷን አጥልቃ
ከመስታወቱ ጀርባ ቆማለች ተጠንቅቃ።
ኡሜ የምትባል ጦጣ ምጥ ይዟታል፤
ጅራቷ ቁራጭ ነው፣ ፊቷ ፍም መስሏል።

ልጁ የእናቱ ነው፣ ማንም አይነካውም፤
ቶዮሚ የመጣችው ለልጁ አይደለም።
ጦጣ እንደ ወለደች፣ ምጧ እንዳበቃላት፣
እንግዴ ልጇን ነው የምታደርገው እራት።
ፕሮፌሰር ኩዜ ግን «ቅደሚያት» ብሏታል፤
የበረዶ ሣጥን አስይዟት ተኝቷል።

ቀደመቻት። አውራ ጣት የምታህል ቁራሽ።
ኡሜም ዝም አላለች፤ ጥርሷ ጓንቱን ዘልቆ
አንዲት ጠብታ ደም አስከፈላት፤
ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች፣
ልጇን ደረቷ ላይ አስጠግታ።

በአገሩ ሌላ ስም አለው። በእኔ ቋንቋ
እንግዴ ልጅ ነው፤ ሳስበው ይገርመኛል፤
እንግዳም ነው ልጅም፣ ሁለቱንም ሆኖ
ከልጁ ኋላ ወጥቶ፣ ስም ሳይወጣለት ያልፋል።

በየሴሉ ጓዳ ሌላም እንግዳ አለ፤
ሲገባ አላንኳኳ፣ «ቤቶች» አላለ።
የሰው አያት ሳይኖር፣ ጦጣ ሳይለይ ከዘር፣
ራሱን ሲቀዳ፣ ሲዘል፣ ሲሰፍር ነበር፤
አንዱ ሺህ ወለደ፣ ሺሁ ሚሊዮን ሆነ፣
የቤቱ ባለቤት በቤቱ ባከነ።
ሊቃውንቱ አዩና «ገለባ ነው» አሉ፣
«ያንኑ የሚደግም፣ ፍሬ የለው ቃሉ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ የቶዮሚ ሥራ
ገለባ ማበጠር፣ መጣል በየተራ፤
ኮምፒውተሩ ውስጥ አጭር ትእዛዝ አለች፣
ተደጋጋሚውን ሁሉ በጥቁር የምትሸፍን፣
ገጹ ብል የበላው መጋረጃ እስኪመስል።

ያን ለት ግን፣ ጣቷ ነው በፋሻ ታስሮ፣
ወይ እንቅልፍ ነው እንጃ፣ ዓይኗን አስክሮ፣
ያቺን ትእዛዝ ረሳች።

ሃያ ሁለት ፊደል። ደግሞ ሃያ ሁለት ፊደል።
አንዳንዱ ሃያ አንድ። ስክሪኑ ሞላ።
አርኤንኤ ይሏቸዋል፤ ከትንሾቹም ትንሾች፣
ሥጋ የማይሠሩ፣ አጥንት የማይሆኑ፣
ግን ትልቅ መልእክት ሲያልፍ ክንዱን ይዘው
«ቆይ፣ ሰዓትህ አይደለም» የሚሉ ዘበኞች።
ከየት መጣችሁ ብላ ዱካቸውን ብትይዝ፣
ከገለባው ክምር! ያ ዘላይ፣ ያ ወራሪ
አርጅቶ፣ እግሩ ተሰብሮ፣ መዝለል አቅቶት፣
እንደ ፀጉር ማስያዣ በራሱ ላይ ታጥፎ
ልጆቹን በር ላይ አቁሟል፤
ሌላ ዘላይ ቢመጣ ገሚሶቹ ይመልሱታል።
እሾህን በእሾህ፣ ይባል የለ።
እኔ ግን እሾህ አልለውም፤
ሚሊዮን ዓመት የከረመ፣ እንግዳ ነው ወይ?

ኩዜ «ስህተት ነው» አለ፤ «ሸፍኚና ድገሚ።»
ሳትሸፍን ደገመች፤ አራት እናት፣ አራት ቁራሽ፤ ያው።
ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው መጥቶ
የወጣትነት ጽሑፉን ከመደርደሪያ አወረደ፣
«ተደጋጋሚው ተወግዷል» የሚለውን መስመር
በእርሳስ አሰመረበት፤ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

ማታ ቶዮሚ ቤቷ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ከፈተች፤
እናቷ ያኖረችላት፣ የደረቀ እትብቷ ያለበት።
እዚያ ቤት እትብት አልተቀበረም፣ በጥጥ ተጠቅልሎ ተቀመጠ።
እንግዴ ልጁንስ ማን አስቀመጠው?
በየትኛው ባልዲ ወጣ?
ሣጥኑን አሸተተችው፤ አሮጌ እንጨት፣ ሌላ ምንም።
ጣቷ ላይ የኡሜ ጥርስ
ገና ያሳክካል።